የእግር ኳስ ዳኛና የቪዲዮው ምስክርነት

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር ከመሥሪያ ቤት ጉዳይ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በየቢሮው ከመዝገቡ በፊት የሚከፈተው ክርክር ይኸው ስለሆነ፥ ከእናንተ ኑሮ የራቀ ነው ብዬ አላምንም። ይኸውም በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ውድድር ስለ ቪዲዮ ዳኝነት፥ ይልቁንም ኦፍሳይድ ስለሚባለው ፍርድ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ኤፕሪል 21 ቀን 2024 እሑድ ማታ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ከሚያሳይ አንድ ቤት ተቀምጬ ነበር። ወራቱ ዐቢይ ጾም ስለነበረ በየጠረጴዛው ላይ የሚታየው ሻይና ፓስቲ ብቻ ነበር። በለንደን በዌምብሌይ ሜዳ የሚጫወቱት ማንችስተር ዩናይትድና ኮቨንትሪ ሲቲ ሲሆኑ፥ ጨዋታው የኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማንችስተር ወገን መሆኔን እዚህ ላይ ልናገር፤ ስለ ዳኝነት የሚናገር ሰው ወገኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋልና። ኮቨንትሪ በዚያ ዓመት በሁለተኛው ደረጃ ይጫወት የነበረ ክለብ ነው። ማንችስተር 3 ግብ ባስቆጠረ ጊዜ በቤቱ የነበርነው ሁሉ ነገሩ አልቋል ብለን ወደ ሌላ ወሬ ዞርን። ኮቨንትሪዎች ግን ከ71ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንዱን፥ ቀጥሎም ሁለተኛውን፥ በባከነው ሰዓት ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሦስተኛውን አግብተው 3 ለ 3 ሆኑ። ተጨማሪው 30 ደቂቃ ሊፈጸም ሲል ሃጂ ራይት ያሻገረውን ኳስ ቪክቶር ቶርፕ ከመረብ አገናኘው።

የኮቨንትሪ ደጋፊዎች የሆኑትን መሆን በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል። የማያውቁት ሰው አንገት ላይ ተጠምጥመው የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች በመስኮቱ ታዩ። ጥቂት ቆይቶ ግን በምስሉ ላይ መስመር ተሰመረ፤ የራይት የእግሩ ጫፍ ከተከላካዩ እግር ቀድሞ ተገኘ ተባለና ግቡ ተሻረ። ማንችስተር በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 2 አሸንፎ አለፈ፤ በሚቀጥለውም ወር፥ ሜይ 25 ቀን፥ ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያ ማታ በአጠገቤ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ቀይ ማልያ የለበሰ ጐረምሳ እየዘለለ፥ «ጋሼ፥ መስመሩን አላዩትም እንዴ? ኦፍሳይድ እኮ ነው!» አላቸው። እርሳቸውም፥ «አየሁት ልጄ። እኔም በጐልማሳነቴ አራጋቢ ሆኜ ባንዲራ ይዤ በመስመር ላይ ሮጫለሁ። ያላየሁትን አንሥቼ አላውቅም። ይኸ ግን ሰው ያየው አይደለም፤ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ተፈልጎ የተገኘ ነው» ብለው የሻያቸውን ሒሳብ ከፍለው ፍጹም ቅጣት ምቱ ሳይጀመር ወጡ። እኔ ግን ተቀመጥሁ፤ ባለፍንም ጊዜ እንደ ሌሎቹ ጮኽሁ። ሌሊት ግን ደስታዬ ለምን እንደ ሙሉ ደስታ እንዳልሆነልኝ ሳስብ አደርሁ።

እስቲ ሕጉ ከመጀመሪያው ለምን እንደ ወጣ እንመልከት። የኦፍሳይድ ሕግ የተደነገገው አንድ ተጫዋች ከባላጋራው በረኛ አጠገብ ተገትሮ ኳስ እስኪመጣለት እንዳይጠብቅ፥ ጨዋታውም ከዳር እስከ ዳር ኳስ መወርወር ብቻ እንዳይሆን ነው። በ1866 በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል 3 የባላጋራ ተጫዋቾች ይኑሩ ተባለ። ተከላካዮች በዚህ ሕግ እጅግ ስለ ተራቀቁበትና ግብ ስለ ጠፋ፥ በ1925 ሦስቱ ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ደረጃ ውድድር በ1924/25 የተቈጠረው 1,192 ግብ በሚቀጥለው ዓመት 1,703 ሆነ፤ የጨዋታው ብዛት ግን ያው ነበር። በ1990 ደግሞ ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ጥፋት የለበትም ተባለ። እንግዲህ ሕጉ በተሻሻለ ቍጥር ያዘነበለው ወደ አጥቂው፥ ማለትም ወደ ግቡ ነው። የአራጋቢው ዓይን የማይለየው ትንሽ ልዩነት ሲመጣም አጥቂው እንዲጠቀም ለዳኞች ይነገራቸው ነበር።

ቪዲዮው የለወጠው ይህንን ነው። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ጉባኤ በማርች 2018 የቪዲዮ ዳኝነትን ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በሩሲያ የዓለም ዋንጫ ተሠራበት፤ በነሐሴ 2019 በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጀመረ። ለሌላው ጥፋት ሁሉ ረዳቱ ዳኛ ጣልቃ የሚገባው ስሕተቱ ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው ተባለ፤ ለኦፍሳይድ ግን ይህ ወሰን አልተበጀለትም። ቀድሟል ወይም አልቀደመም፤ በሴንቲሜትርም ቢሆን ያው ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከእናንተ መካከል የሒሳብ ሹሞች እንዳላችሁ ዐውቃለሁና። የቴሌቪዥን ካሜራ በአንድ ሰከንድ 50 ምስል ያነሣል እንበል። በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 2 መቶኛ ሰከንድ አለ። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ቅጽበት 16 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ተከላካዩም በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት የሚወጣ ከሆነ፥ የሁለቱ መለያየት 32 ሴንቲሜትር ይሆናል። ኳሱ ከአቀባዩ እግር የተለየው በየትኛው ምስል ነው የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ያው ሰው ነው። እንግዲህ ስንዝር የሚያህል ስሕተት ሊገባበት በሚችል ሚዛን የጣት ጫፍ ተመዘነ ማለት ነው። በገበያ እንዲህ ያለ ሚዛን ቢገኝ ነጋዴው ይከሰስ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ሆነ። በኖቬምበር 2019 ሊቨርፑል በአስቶን ቪላ ሜዳ ሲጫወት የሮቤርቶ ፊርሚኖ ግብ በብብቱ ምክንያት ተሻረ። በኖቬምበር 2020 ደግሞ የሊድሱ ፓትሪክ ባምፎርድ ኳሱ ወዴት እንዲመጣለት እንደሚፈልግ በክንዱ አመለከተ፤ ያመለከተበት ክንድ የላይኛው ክፍል ከተከላካዩ ቀድሞ ስለ ተገኘ ግቡ አልጸናም። ሕጉ እጅን አይቈጥርም፤ ነገር ግን እጅ የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ከዚያ በፊት ማንንም አሳስቦ አያውቅም ነበር።

ከስሕተቱ ይልቅ ተመልካቹን የሚያስመርረው ግን መጠበቁ ይመስለኛል። ገንዘቡን ከፍሎ፥ ብርድ ታግሶ በሜዳው የተቀመጠው ሰው ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ በቤቱ የተቀመጠው ተመልካች መስመሩ ሲሰመር ያያል፥ በሜዳ ያለው ግን «በመመርመር ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያነባል። ይህን ቃል ከመስኮት ወዲያ ሆናችሁ ለባለጉዳይ የተናገራችሁ፥ ከመስኮት ወዲህም ሆናችሁ የሰማችሁ ሁሉ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። በማርች 1 ቀን 2025 በርንማውዝና ዎልቭስ በዋንጫ ሲገናኙ አንድ ግብ ለመመርመር 8 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ግብ ሲገባ ወዲያው መጮኽ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰዉ በመጀመሪያ ወደ ዳኛው ጆሮ ይመለከታል።

መሣሪያው ትክክል ሆኖ ሰው የሚሳሳትበትም አለ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 በቶተንሃም ሜዳ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ያገባውን ግብ አራጋቢው ኦፍሳይድ ብሎ ሻረ። የቪዲዮው ዳኛ ምስሉን መርምሮ ተጫዋቹ ጥፋት እንደሌለበት አገኘ። ነገር ግን በሜዳ የተሰጠው ፍርድ «ግብ ነው» የሚል መስሎት፥ «ምርመራው ተፈጽሟል» አለና የተሻረው እንደ ተሻረ ቀረ። ወዲያው ስሕተቱ ቢታወቅም ጨዋታው ቀጥሎ ስለነበረ ሕጉ መመለስን አልፈቀደም፤ ሊቨርፑልም 2 ለ 1 ተሸነፈ። የዳኞቹ ድርጅት ከባድ ሰብአዊ ስሕተት ነው ብሎ አመነ። ምርመራው ትክክል፥ ደብዳቤው የተሳሳተ፤ በመሥሪያ ቤት ይህን የመሰለ ነገር አይታችሁ አታውቁምን?

ይሁን እንጂ በመሣሪያው ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። በ2010 በደቡብ አፍሪቃ የዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ የመታው ኳስ የግቡን መስመር በግልጽ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ወጣ፤ ዓለም ሁሉ ሲያይ ዳኞቹ ሳያዩት ቀሩ። ዛሬ ኳሱ መስመሩን ሲያልፍ በዳኛው ክንድ ያለው ሰዓት ወዲያው ይነግረዋል፤ በዚህም የሚያጕረመርም ደጋፊ አልሰማሁም። ኦፍሳይድም ቢሆን ዘዴው ተሻሽሏል። በ2022 በቃጣር 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች አካል በ29 ነጥብ፥ በሰከንድ 50 ጊዜ ተከታተሉ፤ በኳሱ ውስጥ የተቀመጠውም መሣሪያ በሰከንድ 500 ጊዜ ምልክት ይሰጥ ነበር። የዚህ ዐይነቱ አሠራር በፕሪሚየር ሊግ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ገብቷል። መጠበቁን ያሳጥራል፤ የጣት ጫፍን ጉዳይ ግን አይፈታም፤ የጣቱን ጫፍ ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል እንጂ።

በሌላው አገር የተነሡ ደጋፊዎች አሉ። በስዊድን ክለቦቹ በአባሎቻቸው እጅ ስለሆኑ አባሎቹ እንቢ ብለው ቪዲዮው ሳይገባ ቀረ። በኖርዌይ በጁላይ 2024 የሮዘንቦርግና የሊለስትሮም ጨዋታ ተመልካቾች የቴኒስ ኳስና የዓሣ ጥብስ ወደ ሜዳ ስለ ወረወሩ ተቋረጠ፤ ምግብ መወርወርን አልደግፍም፤ ለኛ ሰው ይህ ነውር ነው። በእንግሊዝ ግን ዎልቭስ ይሻር ብሎ በጁን 2024 ያቀረበው ሐሳብ 19 ለ 1 ወደቀ።

የእኔ ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ቪዲዮው ይቆይ፤ ነገር ግን ሰው በዓይኑ አይቶ በአጭር ጊዜ ሊለየው ያልቻለው ልዩነት ለአጥቂው ይተው። አርሴን ቬንገር አጥቂው ከነአካሉ ከተከላካዩ ካላለፈ በቀር ጥፋት አይቈጠርበት ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብም ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ምንም እንኳ መስመሩን ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውረው እንጂ ባያጠፋው።

ሁለተኛውና በእኔ ዘንድ የሚበልጠው ፍርዱ እንዲሰማ ነው። በድሮ ዘመን በአገራችን በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቾቹ አላፊ አግዳሚውን ይዘው ዳኝነት ያስቀምጡት ነበር፤ ያም ሰው ሕግ ባያውቅ እንኳ ፍርዱን በሕዝብ ፊት በቃሉ ይናገር ነበር። በእንግሊዝ ዳኛው ለሜዳው ሕዝብ በድምፅ ማጉያ ምክንያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው በጃንዋሪ 2025 ቶተንሃምና ሊቨርፑል ሲጫወቱ ነው፤ የተሻረውም የቶተንሃም ግብ በኦፍሳይድ ነበር። በዚያ ማታ እኚያ አዛውንት ከቦታቸው ነበሩ። ዳኛው ሲናገር ጐረምሶቹን ዝም አሰኝተው አዳመጡና፥ «ይኸስ ደግ ነው» ብለው ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።