ስለ እሳት ቃጠሎ ቁስልና ስለ ሰው ሠራሽ ቆዳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 ስለ እሳት ቃጠሎ ለመናገር የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ታናሽ እኅቴ በአራት ዓመቷ ከምድጃው አጠገብ ስትጫወት የፈላ ውሃ በእጇ ላይ ተደፋባት። በቤት የነበሩትም ቶሎ ይድናል ብለው ቅቤና የተወቀጠ ቡና አደረጉበት። ቁስሉ ከብዙ ወራት በኋላ ተዘጋ፤ ጣቶቿ ግን ታጥፈው ስለ ቀሩ እንዝርት መያዝ ተሳናት። «ቁስሉ ከዳነ ጣቷ ስለ ምን ታጠፈ?» እያልሁ እጠይቅ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በትምህርት ነው። ቆዳችን ላይኛና ታችኛ ክፍል አለው። ላይኛው ብቻ ሲቃጠል ተመልሶ ይበቅላል፤ ታችኛው ፈጽሞ ሲቃጠል ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ቁስሉም ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህ መቆጣት በመጀመሪያ ይጠቅማል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው የሞተውን ሥጋና ጀርሞችን ያጸዳሉና። ነገር ግን ቁጣው ሲረዝም ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳል፤ ጠባሳውም ወፍሮና ተኰማትሮ መገጣጠሚያን ያጥፋል።

በአሜሪካ አገር ሐኪሙ ጆን በርክና የምሕንድስና ሊቁ ዮአኒስ ያናስ ይህን ችግር ተመልክተው፥ ከከብት የሚገኘውን ኮላጅን ከሻርክ ዓሣ ለስላሳ አጥንት ከሚወጣ ንጥረ ነገር ጋር አዋሕደው፥ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ስስ ርብራብ ሠሩ፤ በላዩም የሲልከን ሽፋን ደረቡበት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ክፉኛ በተቃጠሉ 10 ሕሙማን ላይ ያገኙትን መልካም ውጤት አሳተሙ። በ1996 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

አሠራሩን በባናችን ልመስለው። ሸማኔ ድር ሳይዘረጋ ማግ አይወረውርም። ርብራቡ ድር ነው፤ የታማሚው የራሱ ሕዋሳትና የደም ሥሮች እንደ ማግ እየገቡበት አዲስ ታችኛ ቆዳ ይሠራሉ። ከባናው የሚለየው፥ ድሩ ሥራውን ሲፈጽም ቀስ በቀስ በሰውነት ውስጥ መሟሟቱ ነው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ሲልከኑ ይነሣና ከታማሚው የተወሰደ ስስ ቆዳ ይተከልበታል። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት በርብራቡ ውስጥ እያኖሩ ይሞክራሉ፤ አብዛኛው ግን ገና በቤተ ሙከራ ነው።

የዚህ ቆዳ ዋጋ እጅግ ውድ ነው። በአገራችን የተለመደው ከታማሚው ጭን ስስ ቆዳ ወስዶ መትከል ሲሆን፥ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለ። ከዘመሮ እስከዚያ መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም በቤት ያለው ሰው ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ ልጅ ሲቃጠል ቅቤውን ትታችሁ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ በረዶ ግን አታድርጉ። አገራችን ደጋ ስለ ሆነ የቀረውን ሰውነት በባና ሸፍኑት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቃጠሎው እንዳይጠልቅና ቁስሉ እንዳይቆጣ የሚረዳ፥ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ይህ ነው። የታጠፈም ጣት በቀዶ ሕክምና ሊፈታ ይችላልና ተስፋ አትቍረጡ።

ይህ ዕውቀት ለእኅቴ ዘግይቶ መጣ። ለሌላው ልጅ ግን እንዳይዘገይ፥ እኛ ተማሪዎች ዛሬ ማታ በየምድጃችን ዳር እንንገረው።