በመልካም መከር ዓመት ገበሬው ለምን ተቸገረ?

(ለአጥቢያ ጉባኤዎች ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከቀረበ ንግግር)



ስለ ችግር በምንነጋገርበት ጊዜ ሁሉ ቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው ዝናብ የቀረበትና መሬት የተሰነጠቀበት ዓመት ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ዓመት ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ ይኸውም ዝናቡ በጊዜው ዘንቦ፣ በቆሎው አፍርቶ፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ብዙ ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ከብቱን እስከ መሸጥ ስለ ደረሰበት ዓመት ነው። ይህ የሆነው በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን የበቆሎ አውራጃዎች ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ባጠቃላይም ምዕራብ ጎጃም፣ ከእነዚህ አውራጃዎች አንዱ ናቸው።

ይህ አካባቢ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ለም አገር ነው። ከዚህም የተነሣ በየዘመኑ የነበሩ መንግሥታት ዓይናቸውን ጥለውበታል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ የግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚወሰድበት መስሎት ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። በደርግ ዘመን ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬ ማኅበሩ እህል በኮታ ይወስድ ነበር። ዋጋው ከገበያ በታች የተወሰነ ነበር። ኮታውን መሙላት ያልቻለ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ይደርስ ነበር። ይህ ኮታ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በታወጀ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አሠራር ዓላማው መልካም ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ ምክር የሚሰጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና ብድር በአንድ ላይ ለገበሬው ያቀርብ ጀመር። ገበሬው ከፊሉን በቅድሚያ ይከፍላል፤ የቀረውን ከመከር በኋላ ያስረክባል። ምርቱም በእርግጥ አደገ። ነገር ግን የማዳበሪያ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ስለ ተነሣ፣ ዋጋው በሙሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ብድሩ በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበር አስተውሉ። ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ነው፤ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነው፤ መያዣውም ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው የክልሉ ዓመታዊ በጀት ነው። ገበሬዎች ሳይከፍሉ ቢቀሩ ያ ገንዘብ ከክልሉ በጀት ይቀነሳል፤ ይህም ማለት ከትምህርት ቤቱ፣ ከጤና ጣቢያውና ከመንገዱ ገንዘብ ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ ክልሉ ወረዳውን፣ ወረዳው ቀበሌውን፣ ቀበሌው ገበሬውን ይጠይቃል፤ የሚጠይቅበትም ጊዜ መከሩ እንደ ተሰበሰበ ወዲያው ነው። የመሬት ግብርም በዚያው ወቅት ይከፈላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊከፍል ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል።

በ1993 ዓ.ም. መከሩ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። ሒሳቡን በቀላሉ እንመልከተው። ዕዳውን በ5 ኩንታል በቆሎ ሊከፍል አስቦ የነበረ ቤተ ሰብ፣ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ 10 ኩንታል መሸጥ አለበት። ዕዳው ግን በብር የተጻፈ ስለ ሆነ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ቢያቆየው በግንቦት የተሻለ ዋጋ ያገኝ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን እስከ ግንቦት አይጠብቅም፤ ነቀዙም አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ የሚቀረው ነገር በሬው ነው።

ሙሴ በሰጠው ሕግ የሰው ወፍጮ ለዕዳ መያዣ ሆኖ እንዳይወሰድ ተከልክሏል፤ ወፍጮውን የወሰደ የቤቱን እንጀራ ወስዷልና። በጎጃም ገበሬ ቤት በሬ ማለት እንደዚያ ወፍጮ ነው። በሬውን የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ የምርቱንም ግማሽ ያጣል።

የሆነውም ይኸው ነው። በዋጋው መውደቅ የተጎዱ ገበሬዎች በ1994 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መውሰድ ቀነሱ። በዚያው ክረምት በብዙ የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ ጎደለ። በ1995 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እህል በዝቶ ዋጋ ካጣበት ጊዜ እስከዚህ ድረስ ያለፈው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ዮሴፍ በግብፅ ሳለ በጥጋቡ ዓመታት እህል ማከማቸቱን ሁላችን እናውቃለን። በእኛ አገር የቀድሞው ድርጅት ወራሽ የእህል ንግድ ድርጅት ነበረ፤ ሆኖም ከተትረፈረፈው እህል ሊገዛ የቻለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይንም በረሃ ማቋረጥ ያስፈልጋል። እህል በጎጃም ሲረክስ ወደ ተቸገረው ወገን ለማድረስ የጭነቱ ዋጋ ራሱ ከባድ ነበር።

ይህን ስንል የመንግሥት ገንዘብ ጥቅም አላመጣም ማለታችን አይደለም። የዓባይ በረሃ መንገድ ታድሷል፤ አዲሱም ድልድይ ተከፍቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው ገብተዋል። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በአንድነት የተመዘገቡበት የመሬት ደብተር ተሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ ለቤተ ሰቡ በእርግጥ የደረሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ የጊዜው ነገር አሁንም ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለድጎማ መደበ። በ2015 ዓ.ም. ግን የመዝሪያው ወቅት ደርሶ ማዳበሪያው ስላልደረሰ የአማራ ክልል ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው ባሕር ዳር ድረስ ሄዱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ክልሉን የሸፈነው ግጭት ደግሞ መንገዱን አስቸጋሪ አደረገው። ለበቆሎ በግንቦት የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በነሐሴ ቢመጣ፣ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ወጪ ይሆናል እንጂ ለማሳው አይረባም።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ መከር ባማረበት ዓመት ወደ ቤቶቹ ሂዱ። የምርቱን ኩንታል ብቻ ሳይሆን ዕዳው ስንት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ለመክፈል ምን እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ ነቀዝ በማያስገባ ጎተራና ከረጢት፣ በማኅበርም በሚያዝ የእህል ማከማቻ፣ ቤተ ሰቡ እህሉን እስከ ግንቦት እንዲያቆይ እንርዳ። እስከዚያም ለዕዳው የሚሆን ጥቂት ብድር ቢያገኝ በሬው ከቤቱ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ለተራበው ወገን እህል ስንገዛ፣ ከባሕር ማዶ ከማስጫናችን በፊት በአገራችን የተረፈበት ስፍራ መኖሩን እንጠይቅ። አራተኛ፣ የመክፈያው ቀን ጥቂት ወራት እንዲገፋ ለወረዳው ሹማምንት በአክብሮትና በማስረጃ እናስረዳ፤ እነርሱም የበጀት ጭንቀት እንዳለባቸው እናውቃለን።

ለእናንተም በየአጥቢያው ለምትሰጡ ወገኖች የምንለው አለን። የተራበ ሕፃን ሥዕል ስታዩ እጃችሁ ይዘረጋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የጥጋብ ወሬ ሲሰማ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። አንድን ጥማድ በሬ በጥር ወር ከገበያ ማስቀረት፣ ያንኑ ቤተ ሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርዳታ እህል ከመመገብ እጅግ የረከሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መከሩ አማረ የሚል ዜና በሰማችሁ ጊዜ፣ በዚያው ሳምንት መዋጮ እንድትሰበስቡ እንለምናችኋለን።