መኪናችን ለምን መንገድ ላይ ትጠፋ ነበር?
(ከሂሳብ ክፍል ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር ተመላሽና ስለ ወፍጮው ገቢ እንደሆነ እናውቃለን። እሱ በታደላችሁ ወረቀት ላይ በዝርዝር አለ። የተሰጠንን ሰዓት ግን ስለ አሮጌዋ የናፍጣ ፒክ አፓችን እንድንናገርበት ፍቀዱልን። በዚህ ዓመት በጥገና ሂሳባችን ላይ ትልቁን ጥያቄ ያስነሣችው እሷ ናት።

ይህች መኪና ምን እንደምትሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሁምቦ በቆሎና ማንጎ፣ ከቦዲቲና ከአረካ በኩል ቅቤና ጎደሬ ይዛ ሶዶ ገበያ ታደርሳለች። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖርም ሹፌራችን የሚቀሰቀሰው ለእሷ ነው። ታዲያ ከክረምቱ ጀምሮ ከሁምቦ ወደ ሶዶ የሚወስደውን ዳገት ስትይዝ ጉልበት ታጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያም ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆማ ስትነሣ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች፤ ጥቂት እንደሄደች እንደገና ትጠፋለች። ጭነት የበላሸባቸው እህቶች አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ይዛ ብትቆምስ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከጭነቱ በላይ አስጨንቆናል።

ያሳየናት ጋራዥ «ፖምፓው አርጅቷል፣ ወርዶ ይታደስ» አለን። የተጠየቀው ገንዘብ ለብዙ አባላት ብድር የሚበቃ ነበር። «ትሸጥና ሌላ ይገዛ» ያሉም ነበሩ። ይህ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ግብር እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እጅ ላይ ያለች መኪና ዋጋዋ ከፍ ብሏል፤ ሸጦ የተሻለ መግዛት ደግሞ ከብዷል።

እኛ በሙያችን ደረሰኝ ሳናይ ወጪ አንመዘግብም። ስለዚህ ሹፌራችንንና አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ይዘን «ጥፋቱ የፖምፓው ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን፤ ከመካከላችሁ ባጃጅ ሳይሆን ናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ባላችሁ ሹፌር የሆነ፣ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የናፍጣውን መንገድ እንወቅ። ናፍጣው ከታንከሩ ሥር በወንፊት ይሳባል፣ በቱቦ አልፎ ወደ ፊልትሮ ይገባል፣ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ፣ ከፖምፓ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝል ይሄዳል። እንደ ቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ባሉ አሮጌ ሞተሮች ታንከሩ ውስጥ የሚገፋ ፖምፓ የለም፤ ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው የሚስበው። በመጠጫ ቀሰም ለስላሳ እንደመጠጣት አስቡት። ቀሰሙ ጫፉ ላይ ከተደፈነ የቱንም ያህል ብትስቡ አይመጣም። ቀሰሙ ከተቀደደ ደግሞ የምትስቡት አየር ይሆናል። አየር የሚስብ ቱቦ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ጠብታ ስላልታየ ብቻ ቱቦው ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ቀጥለን መዝገብ ያዝን። መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ሹፌሩ ቦታውን፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፣ ጭነቱን፣ የናፍጣውን መጠንና ስንት ደቂቃ ቆማ እንደተነሣች ጻፈ። መዝገቡ ብዙ ተናገረ። በአንድ ጊዜ እንደ መብራት ድርግም ብላ ጠፍታ አታውቅም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የምንጠረጥረው ኤሌክትሪኩን ነበር፤ ፖምፓው ላይ ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ብላ የናፍጣውን በር የምትከፍት ትንሽ መሣሪያ አለች፣ ሽቦዋ ሲላላ ሞተሩ ድንገት ይቆማል። የእኛዋ ግን ቀስ በቀስ እየደከመች ነው የምትጠፋው፤ ያውም ዳገትና ጭነት ሲገናኙ፣ ማለትም ሞተሩ ብዙ ናፍጣ በሚፈልግበት ሰዓት።

ከዚያ ምንም ወጪ የሌላቸውን ፈተናዎች አስቀደምን።

አንደኛ፣ የታንከሩን ክዳን። መተንፈሻው ከተደፈነ ናፍጣው በወጣ መጠን አየር ስለማይተካ መሳቡ ይቆማል። ስትጠፋ ክዳኑን ከፈትነው፤ አየር «ፉስ» ብሎ አልገባም። ክዳኑ ነጻ ወጣ።

ሁለተኛ፣ ፊልትሮው። ከሥሩ ያለውን ቡሎን ላላ አድርገን በብርጭቆ ቀዳን። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። የእኛ ብርጭቆ ከሥሩ ውሃና ጥቁር ዝቃጭ አሳየን። ፊልትሮው ተቀየረ፤ መኪናዋ ሁለት ቀን በደንብ ሄደችና ያው ሆነች።

ሦስተኛ፣ በፊልትሮው አናት ላይ ያለችው የእጅ ፖምፓ። ስትጫን እየጠነከረች ከመጣች ቱቦው አየር አይስብም ማለት ነው። ጠንክራ የማታውቅ ከሆነ ግን አየር አለ፤ ፋሼታዎቹና የጎማ ቱቦዎቹ ይታያሉ። የእኛዋ ጠነከረች። ነገር ግን መኪናዋ ዳገት ላይ እንደጠፋች ወዲያው ስትጫን ወርዳ ቀረች፤ ለመመለስ ዘገየች። ከፊልትሮው በፊት፣ ከታንከሩ በኩል፣ የሚያንቅ ነገር እንዳለ የነገረን ይህ ነው።

አራተኛው ፈተና ክርክሩን ዘጋው። ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የጭነቱ ቦታ ላይ አጥብቀን አሰርን። መካኒኩ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ በአዲስ ቱቦ ከጀሪካኑ ወደ ፊልትሮው አገናኘ፤ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ርቆ እንዲያልፍም አደረገ። አየሩን አስወጥቶ ያንኑ ዳገት በያንኑ ጭነት ወጣ። መኪናዋ አንድም ጊዜ ሳትጠፋ ሶዶ ገባች። ፖምፓው ያው ነው፣ ኖዝሎቹ ያው ናቸው፤ የተቀየረው የናፍጣው ምንጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የፖምፓው አልነበረም።

ታንከሩ ወርዶ ሲከፈት ወንፊቱ በጥቁር ልጥልጥ ዝቃጭና በፕላስቲክ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ተገኘ። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ዝቃጩ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቅና ወደ ታች ይመለሳል። ቆማ ስትነሣ የምትሄደው ለዚህ ነበር። ልጥልጡ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ በናፍጣና በውሃ መገናኛ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራባሉ። ፍርፋሪው ደግሞ ከጀሪካን ክዳን ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን እየገዛን እንደምናስቀምጥ ታውቃላችሁ።

ታንከሩ ታጠበ፣ ወንፊቱ ጸዳ፣ ሁለት ያረጁ የጎማ ቱቦዎች ከነፋሼታቸው ተቀየሩ፣ አዲስ ፊልትሮ ገባ። ጠቅላላ ወጪው ለፖምፓ እድሳት ከተጠየቀው ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ደረሰኞቹ በፋይል አሉ፣ ማንኛዋም አባል መጥታ ማየት ትችላለች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዳገት ላይ አልጠፋችም።

ፖምፓ አይበላሽም ማለታችን ግን አይደለም። የውስጥ ክፍሎቹ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውሃ የገባበት ፖምፓ በእርግጥ ይሞታል። በጀሪካን ተፈትና አሁንም የምትጠፋ መኪና ካለች ያኔ ፖምፓው በባለሙያ ይታይ። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው፤ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከታንከሩ ወደ ሞተሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። ናፍጣ በአፍ በቱቦ መሳብ የተለመደ ነው፤ ይቅር። ጥቂቱ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል። ልጆቻችሁንም ከልክሉ።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ለናፍጣ ብቻ የሚውሉ ጀሪካኖች ይገዙ፤ ዘይት ወይም ውሃ የነበረበት አይግባ። በጀሪካን የመጣ ናፍጣ አድሮ ይርጋ፣ ከሥሩ ጥቂት ተትቶ ይቀዳ፤ ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ውሃ አያስቀርም። ሁለተኛ፣ የፊልትሮው ውሃ በየሳምንቱ ይውጣ፣ አንድ ትርፍ ፊልትሮም ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑር። ሦስተኛ፣ ታንከሩ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ለጊፋታ ቤታችንን በምናጸዳበት ሰሞን፣ በየዓመቱ ይታጠብ። አራተኛ፣ የሹፌሩ መዝገብ ይቀጥል፤ በየወሩም ለሂሳብ ክፍል ይቅረብ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል። ስለ መኪናዋ ስትጠይቁን «አርጅታለች፣ አዲስ ስጡን» ብለን መልስ አልሰጠንም። ለፖምፓው ሊወጣ የነበረው ገንዘብ በብድር ሳጥኑ ውስጥ አለ። ጉባኤው ካጸደቀ የመጀመሪያውን ዙር በተራ ለሚጠብቁት አባላት ከዚህ ወር ጀምሮ እናከፋፍላለን።

 ጥያቄ ካለ ሹፌራችንም እዚሁ ተቀምጧል፤ ከእኛ ጋር ይመልሳል።