«ወንድ ናት!» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ የምናገርበትን ርእስ ያገኘሁት ከመጻሕፍት አይደለም፤ ከገዛ አፌ ነው። በአንድ የክርክር ምሽት አንዲት የክፍል ጓደኛችን ተቃዋሚዎቿን በማስረጃ አፋጥጣ መልስ ባሳጣቻቸው ጊዜ፥ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ወንድ ናት!» ስል ጮኽሁ። አዳራሹም አጨበጨበልኝ። ያመሰገንኋት መስሎኝ ነበር። ስንወጣ ግን በሩ ላይ ጠበቀችኝና፥ «ስሸነፍ ሴት፥ ሳሸንፍ ወንድ ከሆንሁ፥ እኔ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ የልጅነቴን ነገር አስታወስሁ። እኔ አባቴን በሕፃንነቴ ያጣሁ ነኝ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሳድጋ ለዚህ አደረሰችኝ። ከሰፈር ልጆች ጋራ በተጣላሁ ቍጥር ይወረወርብኝ የነበረው ስድብ ግን አንድ ነበር፤ «ሴት ያሳደገው!» ትርጕሙም ባለጌ፥ ሥርዐት ያልተማረ ማለት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ስድብ የሚያመኝ ስለ ራሴ አልነበረም፤ ሌሊት ተነሥታ ምጣድ ስለምትጥደው ስለ እናቴ ነበር። ይህን ስድብ ስጠላ የኖርሁ ሰው፥ «ወንድ ናት» የሚለው ምስጋና የዚያው መንታ መሆኑን አላስተዋልሁም። አንዱ ክፉ ጠባይ ከሴት ይመጣል ይላል፤ ሁለተኛውም በጎ ነገር የወንድ ነው ይላል። ሁለቱም አንድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን አቅንቼ መስማት ጀመርሁ። የሚያለቅሰውን ልጅ «እንደ ሴት አታልቅስ» እንለዋለን። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን እንተርታለን፤ «ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውንም እንጨምርበታለን። ወንዱን ልናዋርደው ስንሻ «አንቺ» እንለዋለን። ደመወዝ አነሰ ስንልም «ይህች ናት ደመወዝህ?» ብለን ገንዘቡን በሴት አንቀጽ እንጠራዋለን። «ሴት ሐኪም»፥ «ሴት መሐንዲስ» እንላለን እንጂ «ወንድ ሐኪም» ሲባል ብዙ አልሰማሁም። እውነት ነው፥ አገርንና ፀሐይን በሴት አንቀጽ የምንጠራው ስለ ንቀት አይደለም። ስለዚህ ሰዋስዉን በጅምላ አልከስም። የምከሰው ልማዳችንን ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስነግራቸው፥ «የቋንቋው ጠባይ ነው፥ ምን ይደረጋል?» ይሉኛል። በበኩሌ አማርኛ በዚህ ረገድ የሚታማ ቋንቋ አይመስለኝም። ሰውን ስናከብር «እርስዎ» እና «እሳቸው» እንላለን፤ እነዚህ ቃላት ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ ብለው አይጠይቁም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው በተመረጡ ጊዜ ቋንቋችን የሚጠራቸው ቃል አልቸገረውም። እንዲሁም «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ቃሉ ለጐልማሳ ወንድ የተሰጠ ነበረ፤ ዛሬ «ጎበዝ ተማሪ ናት» ስንል ማንም አይደነግጥም። እንግዲህ ቃል እንደ ተናጋሪው ይለወጣል ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 7፥ በውስጡ በወንድ ጾታ የተነገረው ሁሉ ሴትንም እንደሚያካትት ደንግጓል። መልካም ነው። ነገር ግን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ «መሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ ስሙን ያስመዝግብ» የሚል ወረቀት ስንለጥፍ፥ የምታነበው እኅታችን አንቀጽ 7ን በኪሷ ይዛ አትዞርም። «መሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች ስማችሁን አስመዝግቡ» ብንል ግን ሁላችንንም ይጠራል፤ ወረቀትም ቀለምም አይጨምርም።

ቃል ብቻ በማረም የሴት ተማሪዎች ችግር ሁሉ ይቃለላል ብዬ አላታልላችሁም። ከቤት ሥራው ጫና ጀምሮ ብዙ የሚቀር ነገር አለ። ይሁን እንጂ ለሌላው ሁሉ በጀት ያስፈልገዋል፥ ለዚህ ግን ማስተዋል ይበቃል። ስለዚህ የማኅበራችን አባሎች ሦስት ነገር እንድንጀምር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማስታወቂያዎቻችን ሁሉ በብዙ ቍጥር ይጻፉ። ሁለተኛ፥ ኮሚቴ በተቋቋመ ቍጥር ሴቷን ሳንጠይቃት ጸሓፊ፥ ወንዱን ሊቀ መንበር ማድረጋችንን እንተው። ሦስተኛ፥ ማመስገን ስንፈልግ «ወንድ ናት» አንበል፤ «ጀግና ናት» የሚል ቃል ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ወርሰናል። ክቡራን መምህራንም በፈተና ምሳሌ ውስጥ ድልድይ የሚሠራው ዘወትር «እሱ»፥ ወጥ የምትሠራው ዘወትር «እሷ» መሆኗን ቢመለከቱልን እናመሰግናለን።

በመጨረሻ፥ ያችን ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይህንንም ንግግር ከማቅረቤ በፊት እንድታነብልኝ ሰጠኋት። መደምደሚያው ላይ «እኅቶቻችንን እንርዳቸው» የሚል ጽፌ ነበር። እሷ ግን ሰረዘችውና በዳርቻው ላይ፥ «ርዳታ አልጠየቅንም፤ አፋችሁን አርሙ» ብላ ጻፈችበት። እኔም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ስላላገኘሁ የእሷን አነበብሁላችሁ።