መኪናው ከመገዛቱ በፊት ሥራው ይቆጠር
ቁርጥራጭ ጨርቅን በጥልፍ መኪናና በነባሩ ዘዴ ስለ መገጣጠም ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎች የቀረበ ገለጻ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከልብስ ሰፊዎች ጠረጴዛ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ሰብስበው የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስና ቦርሳ የሚሠሩ እናቶች ባሉበት አጥቢያ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና ይገዛ ወይስ በእጅና በተራው የስፌት መኪና ይቀጠል? ገንዘቡ ምእመናን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ያዋጡት ነው፤ ውጤቱን የምትጠብቀውም ልጆቿን በዚያ ገቢ የምታሳድግ እናት ናት። ስለዚህ ጥያቄው የስፌት ብቻ ሳይሆን የአደራ ጥያቄም ነው።

ጨርቅን ከጨርቅ ማጋጠም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባህላዊው መሸመኛ ጠባብ ሆኖ የሚወጣው ሸማ ጎን ለጎን እየተሰፋ ነው ጋቢ የሚሆነው። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታም በሐዋርያት ሥራ የምትታወሰው ለመበለቶች በሠራችው ልብስ ነው። አሁን የምንናገርለት ሥራ ግን ኩዊልት የሚባለው ነው፤ ትንንሽ ቁራጮች በቅርጽና በቀለም ተመርጠው አንድ ካሬ ይሆናሉ፤ ካሬዎቹ በረድፍ ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከሥራቸው ሙቀት የሚይዝ ንጣፍና ገበር ተደርጎ ሁሉም በአንድነት ይሰፋሉ።

በመጀመሪያ ነባሩን ዘዴ እንመልከት። ቅርጹ በካርቶን ይወጣል፤ ጨርቁ በካርቶኑ ልክ ተለክቶ፣ ዙሪያውን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የስፌት ትርፍ ተጨምሮበት ይቆረጣል። ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጥመው ይሰፋሉ፤ ስፌቱ በካውያ ይተኛል፤ ጥንዱ ከሌላ ጥንድ ጋር ይጋጠማል። ልምድ ያላት ሰፊ በየመካከሉ ክሩን ሳትቆርጥ ጥንዶቹን አከታትላ ከመርፌው ሥር ስለምታሳልፍ ክርም ጊዜም ትቆጥባለች። የዚህ ሥራ ጥበብ ስፌቱን እኩል በመጠበቅ ላይ ነው። 10 ካሬ ባለው ረድፍ 9 ስፌት አለ፤ በእያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብንስት ረድፉ በ18 ሚሊ ሜትር ይዛባል፤ ከጎረቤቱ ረድፍ ጋርም አይገጥምም። ይህን ትክክለኛነት እጅና ዓይን የሚለምዱት በብዙ ወራት ሥራ ነው።

የጥልፍ መኪናው የሚረዳው በዚህ ነው። ጨርቁን እንዳይሸበሸብ የሚይዝ ደጋፊ ጨርቅ በክፈፉ ላይ ይወጠራል። መኪናው በመጀመሪያ ቁራጩ የሚያርፍበትን መስመር ይሰፋል፤ ሠራተኛዋ ቁራጩን በመስመሩ ላይ ታኖራለች፤ መኪናው ይሰፋዋል፤ ትርፉ በመቀስ ይከረከማል፤ ቀጣዩ ቁራጭ ይከተላል። ልኩን የሚጠብቀው መኪናው ስለሆነ የኮከብ ሹል ጫፍ እንኳ በመጀመሪያውም በመቶኛውም ካሬ ላይ አንድ ዓይነት ይወጣል። ጀማሪ ሠራተኛም በአጭር ጊዜ ንጹሕ ካሬ ልታወጣ ትችላለች። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም።

ነገር ግን መኪናው የማይሠራውንም እንቁጠር። ጨርቅ አይቆርጥም፤ ቀለም አይመርጥም፤ ካውያ አያደርግም፤ ካሬዎቹንም እርስ በርስ አያጋጥምም። ስለዚህ የጥልፍ መኪና ቢኖርም ተራው የስፌት መኪና አይቀርም። ለእያንዳንዱ ካሬ ደጋፊ ጨርቅ ይፈጃል፤ ንድፉን ለመኪናው የሚያዘጋጅ ሰውና ኮምፒውተር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በእግር የሚረገጠው መኪና ሥራውን ይቀጥላል፤ ይህኛው ግን ይቆማል። አንድ ነገር ሲሰበርም በከተማው የሚጠግነው ባለሙያ መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የክፈፉ መጠን ነው። በክፈፉ ውስጥ የሚወጣ ካሬ መርፌው ከሚደርስበት ስፍራ ሊበልጥ አይችልም። ወርዱ 160፣ ቁመቱ 200 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአልጋ ልብስ ልንሠራ አሰብን እንበል። ካሬው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከወጣ 80 ካሬ ያስፈልጋል። የገዛነው ትንሽ መኪና ከ10 በ10 የማያልፍ ከሆነ ግን 320 ካሬ ይሆናል። ለአንዱ ካሬ ሩብ ሰዓት ብንይዝ የመጀመሪያው 20 ሰዓት፣ ሁለተኛው 80 ሰዓት ይወስዳል። ዋጋው ረከሰ ተብሎ የተገዛ መኪና በሥራ ሰዓት ውድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሌላው የሥራ ክፍፍል ነው። በነባሩ ዘዴ አንዷ ስትቆርጥ ሌላዋ ቀለም ታዛምዳለች፤ አንዷ ስትሰፋ ሌላዋ ካውያ ታደርጋለች፤ ዓይኗ የደከመ እናት እንኳ ጨርቅ በመለየት ድርሻ አላት። የጥልፍ መኪና በአንድ ጊዜ አንድ ካሬ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሥራው ካልተደራጀ አንዲት ሠራተኛ ስትደክም ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ገቢው በሠሩት ልክ የሚከፈል ከሆነ ይህ የማኅበሩን ፍቅር ይፈትናል።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ዊልኮክስ በተባለው አውራጃ፣ በጊስ ቤንድና በአካባቢው የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከቁርጥራጭ ኩዊልት እየሠሩ ቤተሰባቸውን ከብርድ ይጠብቁ ነበር። ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ይህን ሥራ አይተው ለገበያ እንዲቀርብ ረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። በ1972 ማኅበሩ ሲርስ ለተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል ገባ። ጨርቁ ኮርዶሮይ የሚባለው ሸንተረር ያለው ወፍራም ጨርቅ ነበር፤ ሥራውም አንዱ ከአንዱ ሳይለይ መውጣት ነበረበት። ይህ ሥራ የማይናቅ ደመወዝ አስገኘ። የተረፈው ቁርጥራጭ ግን ወደየቤቱ ሄዶ እያንዳንዷ እናት በገዛ ሐሳቧ የምትሠራው ኩዊልት ሆነ። በ2002 የአካባቢው እናቶች ኩዊልቶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። ዓለም ያደነቀው እያንዳንዷ በራሷ ዓይን የገጣጠመችውን፣ ሌላ ቤት የማይገኘውን ሥራ ነው።

ከዚህ የምንማረው መኪናን መጥላት አይደለም። አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ የዕለት እንጀራ ይሰጣል፤ የእጅና የዓይን ሥራ ደግሞ ስም ይሰጣል። የሚያስፈልገው ማኅበሩ የትኛውን ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ማወቁ ነው። አንድ ደንበኛ ሃምሳ አንድ ዓይነት የትራስ ልብስ ካዘዘ መኪናው ይረዳል። ገዢው የሚፈልገው በሌላ ስፍራ የማያገኘውን የአልጋ ልብስ ከሆነ ግን መኪናው ሊተካው የማይችለው ነገር በእናቶቹ እጅ አለ።

ስለዚህ ለአጥቢያ ኮሚቴዎች የምንመክረው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት ትእዛዝ ይቆጠር። ባለፉት ወራት ምን ያህል አንድ ዓይነት ሥራ ታዘዘ? መኪናው በሳምንት ስንት ቀን ሥራ ይኖረዋል? መልሱ በቃል ሳይሆን በመዝገብ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ግዢው ከመወሰኑ በፊት አገልግሎቱ ይሞከር። የጥልፍ መኪና ያለው ቤት ተፈልጎ ጥቂት ካሬዎች በክፍያ ይሠሩ፤ ጊዜው፣ ክሩና ደጋፊ ጨርቁ ተመዝግቦ በነባሩ ዘዴ ከተሠራው ጋር ይነጻጸር። ለብዙ ማኅበራት መካከለኛው መንገድ ይበቃል፤ የጥልፍ ካሬውን ከውጭ አሠርቶ ዙሪያውን በእናቶች እጅ መገጣጠም።

ሦስተኛ፣ የሚገዛ ከሆነ ከአንዲት በላይ ሠራተኛ ትሠልጥን፤ የክፈፉ ስፋት ከምንሸጠው ዕቃ ጋር ይመዘን፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከሽያጩ እየተቆጠበ ይቀመጥ። መኪናው የማን ንብረት እንደሆነና ገቢው እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ይወሰን።

አራተኛ፣ ነባሩ ሙያ አይቋረጥ። የሚያውቁት እናቶች ለወጣቶቹ እንዲያስተምሩ ሰዓት ይመደብ፤ ለሚያስተምሩበትም ይከፈላቸው። መኪናው ቢሰበር ማኅበሩን የሚያቆመው ይህ ሙያ ነው።

አምስተኛ፣ የመስቀልና የቅዱሳን ምልክት በምን ላይ ሊጠለፍ እንደሚገባ ካህናት ይጠየቁ። መኪናው የተሰጠውን ሁሉ ይጠልፋል፤ ሰው የሚተኛበትንና የሚቀመጥበትን ከሚከበረው የሚለየው ግን ሰው ነው።

ክቡራን ወገኖቻችን፣ ምእመናን የሰጡት ገንዘብ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ዕቃ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሁላችንም ድርሻ ነው። ይህን ገለጻ ይዛችሁ ስትመለሱ ማኅበሩን ሰብስቡ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁም መርፌውን ከያዙት እናቶች አፍ ስሙ። ውሳኔው በእነርሱ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ነውና።

እግዚአብሔር የእጆቻችንን ሥራ ይባርክልን።