ስፓኒሽ ለመማር የትኛው ከተማ ይሻላል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዚህ በዓል የምንናገረው እኛን አራቱን የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከወር ወዲህ እንቅልፍ ስለ ነሣን ጉዳይ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ የምንገባበት ኮሌጅ፣ ስፓኒሽ የሚማረውን ተማሪ ሁሉ ቋንቋው በሚነገርበት አገር አንድ ሴሚስተር ያስቀምጠዋል። ከተማውን መርጠን ከማመልከቻው ጋር እንድንልክ ተጠይቀናል። ጊዜው አራት ወር ብቻ ነው፤ ገንዘቡም የወላጆቻችን ነው።

በመጀመሪያ ሁላችንም «ባርሴሎና!» ብለን ጮኽን። ምክንያታችን ባሕሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ይልቁንም ኳሱ ነበር። ኋላ ስንመረምር በዚያ ከተማ ከስፓኒሽ ጋር ካታላንኛም የሥራ ቋንቋ መሆኑን፣ የመንገዱ ስም በካታላንኛ እንደሚጻፍ፣ በዩኒቨርሲቲውም ብዙው ትምህርት በዚሁ ቋንቋ እንደሚሰጥ ተረዳን። በብዙ ቋንቋ አገር የተወለድን እኛ ይህን ልንነቅፍ አይገባንም፤ ነገር ግን አንዱን ገና ለሚኮላተፍ ሰው ሁለቱ ባንድ ጊዜ ይከብዱታል።

ግራናዳም ታሰበች። የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ያለባት፣ ዩኒቨርሲቲዋም እ.ኤ.አ. በ1531 የተመሠረተ ውብ ከተማ ናት። የዚያ አገር ሰው ግን በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ይውጠዋል፤ «ሙቻስ ግራስያስ» ብሎ ለማመስገን «ሙቻ ግራስያ» ቢላችሁ አትደነቁ። በጓቴማላ ያለችው አንቲጓ ደግሞ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ በማስቀመጥ የታወቁ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ ነገር ግን የመንገዱ ርቀት አስፈራን።

ከዚህ በኋላ ልባችን ወደ ሳላማንካ አዘነበለ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1218 ተመሠረተ፤ እስካሁን ከሚያስተምሩት የስፔን ዩኒቨርሲቲዎችም በዕድሜ የሚቀድመው የለም። አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ የካስቲልያን፣ ማለት ዛሬ ስፓኒሽ የምንለውን ቋንቋ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1492 ያሳተመው በዚያው ከተማ ነው። ከተማው ትንሽ ስለ ሆነ በእግር ይዳረሳል። በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ድንጋይ ላይ፣ በራስ ቅል ዐናት የተቀመጠች እንቁራሪት ተቀርጻለች፤ ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል። (የሒሳብ መምህራችን ይህን አልሰሙም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።)

ምርጫው ያለቀ መስሎን ሳለ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ሐሳባችንን አናወጡት። እሳቸው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማለቂያ ጀምሮ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት ከተማሩት በሺህ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ግማሹን ቀን ይማሩ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ይሠሩ ነበር።

«ልጆቼ፣» አሉን፣ «ሰዋስው ያስተማረን ክፍሉ ነው፤ አፋችንን የፈታው ግን እርሻው ነው። ማታ መኝታ ቤት ገብተን በአማርኛ ስንጫወት ቀን የያዝነው ሁሉ ይተነን ነበር። እናንተ አራት ሆናችሁ ልትሄዱ ነው?»

መልስ አልነበረንም። እንግሊዝኛን ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረን፣ ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ክፍላችን ገብቶ ስለ ኑሯችን ሲጠይቀን እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም ያልነው እኛ ነን። ሳላማንካም ዝናው ከየአገሩ ተማሪ ስለሚስብ፣ እዚያ ሄዶ አደባባዩ ላይ እንግሊዝኛ ሲያወራ መዋል ቀላል ነው። ለካ ከከተማው ይልቅ የሚከብደው ምርጫ ሌላ ኖሯል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምረን በአንድ ወንበር የተቀመጥን አራት ጓደኞች መለያየት አለብን።

ስለዚህ ሁለታችን ሳላማንካ እንሄዳለን፤ ነገር ግን በየፊናችን ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር እናድራለን፤ አማርኛም ከእሑድ በቀር አንነጋገርም። ሦስተኛው «ስ»ን የሚውጡትን ሰዎች ካልሰማሁ ብሎ ግራናዳን ጽፏል። አራተኛዋ እኅታችን ብቻዋን መሄዱን ስለ ፈራች ስፍራውን ባዶ ትታዋለች። ማመልከቻው የሚላከው ሰኞ ነው። እናቷ አሁን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ስለሚያዳምጡን፣ ከዚህ በላይ አንናገርም።