የሕፃን መልክ በመጽሐፍ ሥዕል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሕፃን ፊደል ከመለየቱ አስቀድሞ ሥዕል ያነባል። በመጽሐፉ ውስጥ የራሱን መልክ፣ የራሱን ጠጕርና አካሄድ ያገኘ እንደ ሆነ መጽሐፉ ለእርሱም የተዘጋጀ መሆኑን ይረዳል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን ጉድለቱ የገላው ይመስለዋል።

ይህ ጉዳይ ለሐይቅና ለአምባሰል እንግዳ አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያስጻፉት ወንጌል፣ የተጻፈበት ዘመን በትክክል ከታወቀ ሥዕላዊ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከቅዱሳን ሥዕሎች ጋር የአቡኑም ምስል ይገኛል። የአገሩ ሰው በአገሩ መጽሐፍ ውስጥ ታየ ማለት ነው።

በኋለኞቹ መቶ ዓመታት በተስፋፋው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣሉ ነበር። ሠዓሊው ምሥጢር መግለጡ ነበር እንጂ ዓይነ ስውሩን መንቀፉ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለሕፃናት የሚሥል ሰው ክፋትን በአካል ምልክት ከመግለጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ሌባው ዘወትር አንካሳ፣ ጠንቋይዋ ዘወትር ጎባጣ ሆና ከተሣለች፣ የሚያነክሰው ተማሪ በክፍል ጓደኞቹ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግልጽ ነው።

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረት ዛሬም ይነገራል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዘመን ሲታከሙበት የኖሩት ቦሩ ሜዳ የሚገኘውም እዚያው ደሴ አጠገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናው በጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ1981 መክሯል፤ በሽታውም ይድናል። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ያጠፋል፤ ስድቡን ግን ሊያጠፋ አይችልም። ስድብ በልጅነት የሚለመድ ስለ ሆነ ማረሚያውም በልጅነት ሊሰጥ ይገባል።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ይህ ጅምር ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ ሲደርስ ሥዕሉ የሐይቁን ዳርና የአምባሰልን ገደል፣ ሹሩባ የተሠራችውንና ሻሽ ያሰረችውን ልጅ፣ ጠቆር ያለውንም ቀላ ያለውንም ሊያሳይ ይገባዋል። በክራንች የምትሄደው ልጅ ለመታዘኛ ብቻ አትቅረብ፤ ትጫወት፣ ትሳሳት፣ ትቆጣ፣ እንቆቅልሹንም እርሷ ትፍታ። «ሁላችሁም ውቦች ናችሁ» ብሎ ከመስበክ ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ብዙ ያስተምራል።

የመሐንዲሱም ድርሻ ከዚህ ላይ ይጀምራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። ሕፃኗ በመጽሐፉ ውስጥ ራሷን አግኝታ ደስ ብሏት ሳለ፣ መጽሐፉ ወዳለበት ክፍል የሚያስገባው በር ላይ ሦስት ደረጃዎች ቢገጥሟት የትኛውን ታምናለች? ሥዕሉንስ ወይስ ደረጃውን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሠዓሊው ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱን ንድፍ የሚያወጣውና ሥራውን የሚቆጣጠረው ባለሙያም ነው። ሥዕሉ የጋበዛትን ልጅ ደረጃው እንዳይመልሳት መጠንቀቅ የዚህ ማኅበር አባላት ሥራ ነው።